ለነሐሴ የሚበቃ ሶላር፦ ከመንዝ የሥራ ማስታወሻ

ታኅሣሥ፦ የሞቱትን መክፈት

ቦታው መንዝ ነው፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ያለ መንደር። ሥራው በ12 ቤት አነስተኛ የሶላር ሲስተም መትከል። መነሻ ገንዘቡን እድሩና ከተማ የገባን የመንደሩ ልጆች አዋጣን። ቤቶቹ እየከፈሉ ይመልሳሉ፣ የተመለሰው ለቀጣዩ ቤት ይዞራል።

ምንም ዕቃ ሳልገዛ ከዓመታት በፊት የተተከሉትን ሶላሮች እየዞርኩ ከፈትኩ። ደጅ ላይ ፓኔል አለ፣ ቤት ውስጥ ግን የሚበራው ኩራዝ ነው። ፓኔሎቹ ደህና ናቸው። አቧራቸውን ጠርጌ በቴስተር ስለካቸው እኩለ ቀን ላይ 20 እና 21 ቮልት ይሰጣሉ። የሞተው ባትሪው ነው። በየገባሁበት ቤት ባትሪው ነው።

አንዱን በዝርዝር ልጻፈው። ሣጥኑን በካቻቢቴ ፈታሁት። ውስጡ 7 አምፔር ሰዓት የሆነች ትንሽ የአሲድ ባትሪ አለች፣ ሆዷ አብጧል። ቴስተሩ 4 ቮልት እንኳ አላነበበም። ኮንትሮለሩ (በፓኔል፣ በባትሪና በአምፖል መሃል ሆኖ ቻርጁን የሚቆጣጠረው ዕቃ) ላይ መታሰር የነበረባቸው የአምፖል ሽቦዎች ተነቅለው ቀጥታ ባትሪው ላይ ተጠምዝዘዋል። ናስትሮ የሚባል ነገር የለም።

"እማማ፣ ይሄን ማን ነው ያሰረው?" አልኳቸው።

"ልጄ ነው። ክረምት ላይ መብራቱ እንቢ ሲለን እሱ ቀጥታ አድርጎ አበራልን። ትንሽ ሰነበተና ጭራሽ ጠፋ።"

ልጁ ላይ አልፈርድም። ኮንትሮለሩ መብራት የሚቆርጠው ባትሪው ወደ 11 ቮልት ሲወርድ፣ እንዳይሞት ለማዳን ነው። የቤቱ ሰው የሚያየው ግን ጨለማውን ብቻ ነው። ኮንትሮለሩ ሲታለፍ ባትሪው እስከ ጥጉ ይራገፋል። የአሲድ ባትሪ ባዶውን በቆየ ቁጥር ፕሌቶቹ ላይ ሰልፌት ይጋገርበታል። ከዚያ በኋላ ፀሐይ ብትመጣም ቻርጅ አይዝም።

ሌሎቹም ቤቶች ታሪካቸው ያው ነው። "መቼ ቆመ?" ስል መልሱ ሐምሌ ወይ ነሐሴ ነው። የተሸጠላቸው ግን ጥር ላይ ነው። ጥር የደረቅ ፀሐይ ወር ነው፣ እህል የገባበትና እጅ ላይ ብር ያለበትም ወር ነው። ሻጩ አምፖሉን አብርቶ ያሳያል፣ ይበራል፣ ይገዛል። ስለ ነሐሴ የሚያነሳ የለም። እኔ ደግሞ የዚህን ሥራ ስሌት በሙሉ ከነሐሴ ልጀምር ወሰንኩ።

ጥር መጀመሪያ፦ ስሌት

መጀመሪያ ፍላጎት ጠየቅኩ። መልሱ ከገመትኩት ይለያል። ብዙዎቹ አስቀድመው ያነሱት የበጎቹን ጋጣ ነው። በግ ሌሊት ትወልዳለች፣ ጅብ ሌሊት ይመጣል። ሴቶቹ ሱፍ የሚፈትሉት ማታ ነው፣ በኩራዝ ዓይናቸው ያልቃል። ተማሪ አለ። ሬዲዮ አለ። ስልክ ቻርጅ ለማድረግ እስከ ከተማ መሄድ አለ።

የአንድ ቤት የቀን ፍጆታ እንዲህ ወጣ። ባለ 3 ዋት ሁለት አምፖል ለ4 ሰዓት፣ 24 ዋት ሰዓት። ሬዲዮ 12። ስልክ 12። ለጋጣው ባለ 1 ዋት አምፖል ለ7 ሰዓት፣ 7። ድምሩ 55 ዋት ሰዓት።

አሁን ፀሐዩ። ፓኔል ላይ የተጻፈው ዋት የሚሠራው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ለሚያፈስ ሙሉ ፀሐይ ነው። የአገራችን ደጋ በጥሩ ወር በቀን 6 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ያገኛል። ለነሐሴ ጨክኜ 3 ብቻ ያዝኩ። በሽቦ፣ በኮንትሮለር፣ በባትሪና በአቧራ የሚባክነውን ቀንሼ 65 በመቶውን ቆጠርኩ።

ገበያ ላይ በብዛት የሚቀርበው ባለ 20 ዋት ፓኔል በጥር 20 × 6 × 0.65፣ ማለትም 78 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ከ55 ይበልጣል፣ ቤቱ ደስ ይለዋል። በነሐሴ 39 ነው። በየቀኑ 16 ዋት ሰዓት ከባትሪው እየተበደረ ይሄዳል፣ ትንሽ ባትሪ ደግሞ በጥቂት ቀን ያልቃል። ታኅሣሥ ላይ የከፈትኳቸውን ሣጥኖች የገደላቸው ይሄ ስሌት ነው።

ባለ 50 ዋት ፓኔል በነሐሴ 97 ይሰጣል። የዕለቱን ሸፍኖ የትናንቱንም ይሞላል። በጥር የሚተርፈው ብዙ ነው፣ እሱ ይባክን። ፓኔል ከዕቃው ሁሉ ረዥም ዕድሜ ያለውና ለዋቱ ርካሹ ነው። እሱ ላይ መቆጠብ ትርጉም የለውም።

ለባትሪ ሦስት ቀን ፀሐይ ባይታይ ብዬ 165 ዋት ሰዓት ያዝኩ። የአሲድ ባትሪ ከግማሽ በላይ ባይራገፍ ስለሚመረጥ ቢያንስ 330 ያስፈልጋል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው የባትሪ ዓይነት ግን እስከ 80 በመቶ ይሰጣል። 12.8 ቮልት 20 አምፔር ሰዓት ስንል 256 ዋት ሰዓት ነው፣ 80 በመቶው 205። ይበቃል። ዋጋው ከአሲዱ ይወደዳል፤ ግን ሺህ ጊዜዎች እየሞላና እየተራገፈ የሚኖር ነው። ለሊቲየም ወሰንኩ።

አንድ ጥያቄ ከየቤቱ ይመጣል፦ "እንጀራ ይጋግራል?" አይጋግርም። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3,500 ዋት አካባቢ ይስባል፣ የዚህ ፓኔል 70 እጥፍ ማለት ነው። ይህን ከተከላ በፊት ለእያንዳንዱ ቤት በግልጽ መናገር ያስፈልጋል። በኋላ የሚመጣው ቅሬታ የሚጀምረው ካልተነገረ ነገር ነው።

ጥር መጨረሻ፦ ግዢ

መርካቶ። ቴስተርና ፒንሳ ይዤ ነው የሄድኩት። የፓኔል ጀርባ ላይ የሚለጠፈውን ጽሑፍ ማንም ያትመዋል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳይሆን ደጅ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ፣ ፓኔሉን ወደ ፀሐይ አዙሬ ቴስተሩን 10 አምፔር ላይ አድርጌ ሁለቱን ጫፍ አገናኛለሁ። እውነተኛ 50 ዋት ወደ 3 አምፔር ያሳያል። መጀመሪያ የቀረበልኝ "50 ዋት" 1.7 አሳየ። ቮልቱ ትክክል ነው፣ አምፔሩ የ30 ዋት ነው። ቮልት ብቻ ለክቶ የሚገዛ ሰው በዚህ ይሸወዳል። ሌላ ቦታ 2.9 የሚሰጥ አገኘሁና አንድ በአንድ ለክቼ ወሰድኩ። ሻጩ ቀኑ እስኪያልፍ ታገሠኝ፣ እግዜር ይስጠው።

ኮንትሮለሩ የሊቲየም ምርጫ ያለው መሆን አለበት። አብዛኛው ለአሲድ ባትሪ ተስተካክሎ ነው የሚመጣው። የአሲዱ ሞድ አንዳንዴ ቮልቱን ከፍ ሲያደርገው የሊቲየሙ መከላከያ ሰርኪውት ራሱን ይዘጋል፣ ቤቱም ያለምክንያት ይጨልማል።

ዋጋውን በብር አልጽፍም፣ በየወሩ ይቀያየራል። በድርሻ ልጻፍ። የአንድ ቤት ወጪ ግማሽ ያህሉ ባትሪ ነው። ሩቡ ፓኔል። የቀረው ሽቦ፣ ኮንትሮለር፣ አምፖል፣ ብረትና ትራንስፖርት። ጠቅላላው በበዓል ገበያ ከሁለት ሙክት ዋጋ ብዙ አይርቅም። መንዝ ላይ ይሄ ነው የሚገባን ሂሳብ።

የካቲት፦ ምሰሶ

የመንዝ የድሮ ቤት ግድግዳው ድንጋይ ክዳኑ ጓሳ ሣር ነው። ፓኔል እላዩ ላይ ማሰር አይሆንም። ጓሳው እንደ ልብ የሚታጨድ ሣር አይደለም፣ የጓሳው መሬት በማኅበረሰቡ ሕግ ተጠብቆ የሚኖርና ሲፈቀድ ብቻ የሚታጨድ ነው። ክዳን የበሳሁበት ሰው ምን ሊተካበት? ቆርቆሮ ቤትም ቢሆን ቀዳዳው በክረምት ያፈሳል። ሁሉም በምሰሶ እንዲሆን አደረግኩ።

ምሰሶው የደረቀ የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ከመሬት የሚገባውን ጫፍ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀባሁት፣ ጉድጓዱን በድንጋይ ሞላሁት። አፈር ብቻ ከሆነ ውኃ ቋጥሮ እንጨቱን ያበሰብሳል። የፓኔሉን መቀመጫ ደብረ ብርሃን ላይ በአንግል ብረት አስበየድኩ።

የመጀመሪያው ዲዛይን በአንድ ቡሎን ምሰሶው ራስ ላይ የሚታሰር ነበር። የመንዝን ንፋስ አልቻለም። ፓኔሉ በሳምንቱ ወደ ምሥራቅ ዞሮ ተገኘ። ቡሎኑን ማጥበቅ ምንም አልረዳም፣ እንጨቱ ይበልጥ ሲደርቅ ይኮማተራል። ከሥር ሁለተኛ አንግል ብረት ጨምሬ በሁለት ቦታ ሲታሰር ቆመ። ለቤት አንድ ተጨማሪ ብረት ማለት ነው፣ ግድ ነው።

የፓኔሉ ማዘንበል ላይ ትንሽ ልቆይ። ከዕቃው ጋር የሚመጣው መመሪያ ፓኔሉን ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ አዘንብል ይላል። ያ ለሰሜን አገሮች ነው። እኛ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ብቻ ነው የራቅነው። በሐምሌ እኩለ ቀን ፀሐይ ለኛ በስተሰሜን ናት፣ ጥላችን ወደ ደቡብ ይወድቃል። እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። ወደ ደቡብ 30 ዲግሪ የተዘነበለ ፓኔል በጣም በሚያስፈልገን ወር ፊቱን ከፀሐይ ያዞራል። 12 ዲግሪ አደረግኩት። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥብ ያህል ይዘነበላል፣ ከዚያ አያልፍም።

መጋቢት፦ ሽቦና ሣጥን

ምሰሶው ከቤቱ 12 ሜትር ድረስ ይርቃል። ከፓኔል የሚመጣው 2.8 አምፔር ነው። በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ሽቦ ግማሽ ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። በቀጭኑ 0.75 ቢሆን 1 ቮልት ተኩል ይቀራል። ፓኔል ደግሞ ሲግል ራሱ ቮልት ይጥላል፣ 18 የነበረው እኩለ ቀን ላይ ወደ 16 ይወርዳል። ከዚያ ላይ ሽቦው 1 ቮልት ተኩል ከበላ ባትሪውን 14.4 ለማድረስ ምንም ትርፍ አይኖርም። ወደ አምፖል የሚሄደው ግን ሩብ አምፔር ነው፣ ለሱ ቀጭኑ ይበቃል። ቀጭኑን ለአምፖል፣ ወፍራሙን ለፓኔል።

አይጥ። በመጀመሪያው ቤት በግድግዳው ጥግ የሳብኩት ሽቦ ተበልቶ መዳቡ ወጣ። ደግነቱ ፊውዝ ነበረው። ከዚያ በኋላ ከጉልበት በታች የሚያልፈው ሽቦ ሁሉ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆነ።

ጭስ። ምድጃው ቤት መሃል ነው። አምፖሉን ከመሃል ላይ ብሰቅለው በጥቂት ሳምንት ጥቀርሻ ይለብስና ብርሃኑ ይሞታል። ወደ በሩ አቅጣጫ፣ ከሰው ቁመት ትንሽ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩት። ሲጠቁር በእርጥብ ጨርቅ ይደርሱበታል። ለማጽዳት መሰላል የሚጠይቅ አምፖል አይጸዳም።

ባትሪው ቤት ውስጥ፣ ከምድጃው ራቅ ብሎ፣ በእንጨት ሣጥን ተቀመጠ። ምሰሶው ላይ የሚሰቀል የብረት ሣጥን ቢኖርም እምቢ አልኩ። ሊቲየም ከዜሮ ዲግሪ በታች ሆኖ ቻርጅ ሲደረግ ይጎዳል። የመንዝ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ደግሞ የሚታወቅ ነው። ሰውና እሳት ባለበት ቤት ባትሪውም ይሞቃል።

ሚያዝያ፦ ክፍያ

ወርሃዊ ክፍያ አላደረግንም። ገበሬ ደሞዝተኛ አይደለም። ኬንያ ውስጥ በኤም ፔሳ፣ በስልክ ገንዘብ፣ በየቀኑ ጥቂት ሽልንግ እየተከፈለ፣ ካልተከፈለ ሲስተሙ የሚቆለፍበት አሠራር በጣም ተስፋፍቷል። ባንግላዴሽም ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በረዥም ጊዜ ክፍያ ከ4 ሚሊዮን በላይ ቤት ሶላር አስገብታለች። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ቁልፉን ግን አልወደድኩትም። እዚህ ቤት ብር የሚያጥረው ሐምሌና ነሐሴ ነው። ያኔ ጎተራው እያለቀ ነው፣ ፀሐይም የለም። በዚያ ላይ መብራት ቆልፎ መጨመር እድር የሚሠራው ሥራ አይደለም።

እድሩ ራሱ መፍትሔ አመጣ። መንዝ በግ የሚሸጠው በበዓል ነው። ስለዚህ ክፍያው በገና፣ በፋሲካና በእንቁጣጣሽ ሆነ፣ ለሁለት ዓመት። የፋሲካው ተሰበሰበ። ከአንድ ቤት በስተቀር ሁሉም ሙሉ ከፈሉ። ያ ቤት ሐዘን ላይ ነበር፣ ለእንቁጣጣሽ ተሻገረለት። ዳኛው "እድር ነን እኮ" አሉ፣ ነገሩ አለቀ።

ሰኔ፦ የሚጠግን ሰው

እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሬማ ላይ በ1999 ዓ.ም. አካባቢ የሶላር መንደር ሲቋቋም የሶላር ቴክኒሻን ማሠልጠኛም ተከፍቶ ነበር። ትክክል ነበሩ። ባለሙያው አዲስ አበባ ከሆነ አንድ የተቃጠለ ፊውዝ ሙሉ ሲስተም ይገድላል።

ገበያ ላይ ስልክና ሬዲዮ የሚጠግን ወጣት አለ። ካውያ ይይዛል፣ ቴስተር ያነባል። ከየካቲት ጀምሮ አብሮኝ ነው የሚተክለው። ያስቸገረው አንድ ነገር የሊቲየም ቮልት ነው። "ጋሼ፣ 13.2 ይላል፣ ሙሉ ነው ማለት ነው?" ይለኛል። አይደለም። ሊቲየም ሊያልቅ እስኪቃረብ ድረስ ቮልቱ ብዙ አይንቀሳቀስም። ስለዚህ ቮልት ማየት ትተን ጠዋት ጠዋት ከፓኔል የሚገባውን አምፔር ማየት ለመድን። ፀሐይ እያለ አምፔሩ ቶሎ ከወረደ ባትሪው ሞልቷል። እስከ ከሰዓት ከገባ ተርቧል።

መለዋወጫ ሣጥን እሱ ጋ ተቀመጠ። ፊውዝ፣ አምፖል፣ ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ኮንትሮለር፣ ናስትሮ። ለእያንዳንዱ ጥገና እድሩ ይከፍለዋል። በነፃ የሚሠራ ጠጋኝ ለጥቂት ወር ነው፣ ከዚያ የራሱን ኑሮ ይላል፤ መብቱ ነው።

ሐምሌና ነሐሴ፦ ፈተናው

በየቤቱ ላለ ተማሪ ደብተር ሰጠን። መብራቱ በራሱ የተቆረጠበትን ማታ ይጽፋል፣ ሌላ ሥራ የለውም።

ጉም በዋለበት ቀን እኩለ ቀን ላይ ፓኔሉ 0.4 አምፔር ሰጠ። የካቲት ላይ 2.8 የሰጠው ያው ፓኔል ነው። ደግነቱ እንዲህ ያለ ቀን አይደጋገምም፣ ረፋዱ ላይ ትንሽ ይገልጥና ባትሪው ይተነፍሳል። ፍጆታውም ተቀየረ። ትምህርት ቤት ስለተዘጋ የማታ ንባብ የለም። ፍልሰታ ሲገባ ግን ሌሊት ለሰዓታት ጸሎት የሚነሱት በዙ፣ አምፖል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይበራል። ጥር ላይ ይህን አልቆጠርንም ነበር። ትርፉ ቻለው።

ከ12ቱ ቤት 10ሩ አንድም ማታ አልተቆረጠባቸውም። ሁለቱ ተቆረጡ።

የመጀመሪያው ምክንያቱ ስልክ ነው። ባለቤቱ ደግ ሰው ናቸው፣ የጎረቤቱ ስልክ ሁሉ እሳቸው ቤት ይውላል። ሦስት አራት ስማርት ስልክ በቀን ማለት አምፖሎቹን በሙሉ የሚያህል ጭነት ነው። እምቢ በሉ ማለት አይቻልም። ቀን፣ ፀሐይ በምትወጣበት ሰዓት ብቻ እንዲሰካ ተስማማን። ከዚያ ወዲያ አልተቆረጠም።

የሁለተኛው ቤት አስቸገረን። ጭነቱ ትንሽ ነው። ሽቦው ደህና፣ ማያያዣው ደህና፣ ኮንትሮለሩን ቀየርነው፣ ያው ነው። ወጣቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሄዶ ምሰሶው ሥር ቆመ። ከሰሜን ምሥራቅ በኩል ያለው ባሕር ዛፍ ጥላውን ፓኔሉ ላይ ጥሎታል። የካቲት ላይ ስንተክል ፀሐይ በደቡብ በኩል ስለነበረች ዛፉ ምንም አላደረገም። በክረምት ከሰሜን ምሥራቅ ስትወጣ ሸፈናት። ባለ 50 ዋት ፓኔል 36 ሴሎች ተከታትለው የታሰሩበት ነው፣ ጥቂቱ ሲጋረድ ግማሹ ወይም ከዚያ በላይ ይጠፋል። ቅርንጫፍ ተመለመለ። በማግስቱ ደብተሩ ላይ የተጻፈ ነገር የለም።

ስለዚህ አዲስ ሕግ ገባ፦ ምሰሶ ከመተከሉ በፊት የሰሜን ምሥራቁና የሰሜን ምዕራቡ ዛፍ ይታያል፣ ወሩ ምንም ይሁን።

ጳጉሜ፦ ለሁለተኛው ዙር

ከእንቁጣጣሹ ክፍያ ለሦስት ቤት የሚሆን ባትሪ ይወጣል። ፓኔሉን ከተማ ያለነው እንሸፍናለን። የሚቀየረው፦ የጋጣው አምፖል ማብሪያው ከቤት ውስጥ ይሆናል፣ በዝናብ ወጥቶ የሚያጠፋው ስለሌለ እስኪነጋ ይበራል። የስልክ መሰኪያው ከሁለት አያልፍም። የፓኔሉ መቀመጫ ከመጀመሪያው በሁለት አንግል ብረት ይበየዳል። ኮንትሮለር ሁለት ትርፍ ይገዛል።

ታኅሣሥ ላይ የከፈትኩት ሣጥን ባለቤት፣ እኚያ እናት፣ በዚህ ዙር ተመዝግበዋል። የድሮ ፓኔላቸው 20 ዋት ነው፣ ለክቼዋለሁ፣ ይሠራል። ከ30 ዋት ጋር ጎን ለጎን በፓራለል (ፖዘቲቭ ከፖዘቲቭ፣ ኔጌቲቭ ከኔጌቲቭ) ይታሰርና ወጪያቸው ይቀንሳል። ሁለቱም 36 ሴል ስለሆኑ ቮልታቸው ይቀራረባል። የአሮጌው የጀርባ ሣጥን ግን ውኃ ገብቶበታል፣ ከመታሰሩ በፊት ተርሚናሉ መጽዳትና በሲሊኮን መታሸግ አለበት።